የባባ ኬንዲ መፈተሻ እና የማማ ኡባህ ጀሪካን

ሙሪንጋቶ ውስጥ ባባ ኬንዲን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ስኳርም ሳሙናም ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። የከተማችን ሱፐርማርኬት አንድ ለእናቱ ነው፤ ወደዚያ ለመግባት ደግሞ ሁለት እጅን ዘርግቶ ባባ ኬንዲ ፊት መቆም ግድ ነው። ሀብታሙም፣ ደሃውም፣ ፓስተሩም፣ ትናንት ከእስር የተፈታውም ይቆማል። ባባ ኬንዲ ጥቁሩን የብረት መፈተሻ ከብብት እስከ ጉልበት ያወርድና "እናትህ ተሻላት?" ይላል። መልሱን ሳይሰማ አያስገባም።

መፈተሻው አይሠራም። ይህንንም የማያውቅ የለም። የውስጡ ባትሪ ድንጋይ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የሱፐርማርኬቱ ባለቤትም "በሚቀጥለው ወር ይገዛል" ማለት ከጀመሩ እንዲሁ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንድ ቀን አንድ አናጢ መዶሻውን በቀበቶው ሸጉጦ፣ ኪሱን በሚስማር ሞልቶ በዚያ መፈተሻ ሥር አልፎ ዳቦ ገዝቶ ወጥቷል። ባባ ኬንዲ የጠየቀው "ጣሪያው አለቀ ወይ?" ብሎ ብቻ ነው።

እኔ በዚያው ሱፐርማርኬት በረንዳ፣ በመጀመሪያው ምሰሶ ሥር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምውል ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ሁሉ ፉንዲ፣ ባለሙያው፣ ይለኛል። ባባ ኬንዲን አሥራ አምስት ዓመት ከጎኔ አይቼዋለሁ፤ ሚስቱ እንኳ የእኔን ያህል አላየችውም፣ እሱ ቤቱ ሲገባ እሷ ፍየሎቿን ልትከትት ትወጣለችና። እውነተኛ ስሙ ኤሊያስ ኪሪሚ ነው። በወጣትነቱ ሻይ ቅጠል ለቅሟል፣ በኋላም የማታቱ ታክሲ ረዳት ሆኖ በበር ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። አንገቱ ረዘም ያለ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሰው ማስቀየም የማይችል ሰው ነው። አንድ በሽታ ብቻ አለበት፤ ክፍት ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። የተከፈተ በር ይዘጋል፣ የወለቀ ቁልፍ ይቆልፋል፣ የላላ ክዳን ያጠብቃል። አንድ ጊዜ ለፍተሻ እጃቸውን የዘረጉ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሱሪያቸው ዚፕ ተከፍቶ አይቶ፣ "ይፈቀድልኝ" ብሎ ዘግቶላቸዋል። ነገሩን ያመጣውም ይኸው በሽታ ነው።

በሦስተኛው ምሰሶ ሥር የምትቀመጠው ማማ ኡባህ ናት። የግመል ወተት ትሸጣለች። ሶማሌ ናት፤ ወተቱ ከሰሜን፣ ከኢሲዮሎ ወዲያ ካሉት ግመሎች፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ጎህ ሲቀድ በሚገባው አውቶቡስ ይመጣላታል። እሷና ሌሎች አራት ሴቶች ተቀብለው ይከፋፈሉታል። ሳይሸጥ የቀረውን ጀሪካን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ባባ ኬንዲ ዘንድ ታሳድራለች፤ በሩ ሥር ገበያተኛ ዕቃውን አስቀምጦ ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ የሚቀበልበት መደርደሪያ አለ። ቁጥር አሥራ ሰባት የእሷ ናት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለሌላ ሰው ተሰጥታ አታውቅም። ማማ ኡባህም በየጠዋቱ የመጀመሪያውን ኩባያ የምትቀዳው ለባባ ኬንዲ ነው። ጨጓራውን ያዳነለት ያ ወተት እንደሆነ ይምላል፤ ዶክተሩ ደግሞ መድኃኒቱ ነው ይላል።

የግመል ወተት ሲያድር ይተነፍሳል። ስለዚህ ክዳኑ እንደ ጠገበ ሽማግሌ ቀበቶ ትንሽ ላላ ተደርጎ ነው የሚቀመጠው። ማማ ኡባህ ይህን ነገር ለባባ ኬንዲ ነግራው ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ባልጻፍኩ። ግን ሁልጊዜ ጠቅልላ ማታ አሳድራ ጠዋት ስለምትወስደው፣ እሱ ክዳኑን አይቶት አያውቅም፤ መንገርም አላስፈለጋትም።

የወረዳችን የፓርላማ አባል በገና ሰሞን አረፉና የማሟያ ምርጫ ተጠራ። ከዕጩዎቹ አንዱ ክቡር ፌስተስ ሙጋምቢ ነበሩ። ሲሚንቶ ይነግዱ የነበሩ፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ያለ ማጉያ ሁለት ሰፈር የሚሰማ ሰው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስለ ቧንቧ ውኃ ቀሰቀሱ። ሃያ ሰው መጣ፤ ከሃያውም አሥሩ ጥላ ፍለጋ የመጡ ነበሩ። ያንኑ ቧንቧ ከእሳቸው በፊት ሦስት ሰዎች ቃል ገብተውልናልና ስለ ቧንቧ ሲወራ እኛ እናዛጋለን።

እንግዲህ ማክሰኞ ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የማማ ኡባህ ስልክ ጮኸ። ልጇ ኡባህ ምጥ ይዟታል። ማማ ኡባህ ሸማዋን እየሰበሰበች፣ ግማሽ የደረሰውን ጀሪካን ሳትጠቀልለው ባባ ኬንዲ ፊት አስቀምጣ፣ ቁጥሯን እንኳ ሳትቀበል በሞተር ተፈናጥጣ ወደ ሆስፒታል በረረች። ባባ ኬንዲ ጀሪካኑን ሲያነሳ ክዳኑ ላላ ብሏል። "አይ ማማ ኡባህ፣ በድንጋጤ ሳትከድነው ሄደች" አለና፣ በሁለት እጁ፣ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው። እኔ አይቼዋለሁ። ምንም አላልኩም፤ እኔስ ስለ ግመል ምን አውቃለሁ?

ምጡ ረዘመ። ማማ ኡባህ ረቡዕም አልመጣችም። የበጋው ፀሐይ ደግሞ በረንዳውን ምጣድ አድርጎታል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ባባ ኬንዲ ቁጥር አሥራ ሰባትን ቢያይ ጀሪካኑ ተነፍቶ ክብ ሆኗል። ሊያሳየኝ አቅፎት ወደ እኔ መጣ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ ነበር። ከኋላዬ መጥቶ ክዳኑን ጥቂት አዞረ።

ድው!

ቀድሜ ልናገር፤ "ቦምብ!" ብሎ የጮኸው እኔ ነኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ላይ ሁለቱም ደርሷል። ጮኼ ሳበቃ ራሴን ያገኘሁት የመንገዱ ቦይ ውስጥ ነው፣ የዩኒፎርሙን አንድ እጅጌ እንደያዝኩ። ሰውም ተከተለኝ። አንዲት አሮጊት ለሽያጭ ያመጧቸው ሦስት ዶሮዎች በረሩ፤ ሁለቱ ተያዙ፣ አንዷ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። በዚያ ፍንዳታ የጠፋች ብቸኛ ሕይወት እሷ ናት።

ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። የታናሽ እህቴ ባል ከሰሜን ሲመለስ አውቶቡሱን ታጣቂዎች አስቆሙት፤ ከወረዱት አንዱ እሱ ነበር፤ አልተመለሰም። የእኛ ፍርሃት በወሬ የመጣ አይደለም፣ መቃብር አለው። ክቡር ሙጋምቢም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። የሰው ቁስል የት ጋ እንዳለ የሚያውቀው ሐኪም ብቻ አይደለም።

የክቡር ሙጋምቢ መኪኖች ከእኛ ሁለት መንገድ ማዶ ነበሩ። የሆነ ነገር ፈነዳ ሲባል ሰምተው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደረሱ። ባባ ኬንዲ ከራሱ እስከ ጫማው በወተት ነጭ ሆኖ፣ በአንድ እጁ የተቀደደ ጀሪካን፣ በሌላው መፈተሻውን ይዞ ቆሟል። ጆሮው ጭው ብሎበታል።

"ምን ተፈጠረ?" አሉ ክቡር ሙጋምቢ።

"ፈነዳ" አለ ከቦዩ የወጣ አንድ ሰው።

"ማን ነው ያስቀመጠው?"

"አንዲት ሶማሌ።"

"ከየት ነው የመጣው?"

"ከሰሜን፣ በአውቶቡስ።"

ሦስቱም መልስ እውነት ነበር። ከሦስት እውነት እንዲህ ያለ ውሸት ሲጋገር ያየሁት ያን ቀን ነው። ክቡር ሙጋምቢ ባባ ኬንዲን ሊያቅፉት ፈልገው የኮመጠጠው ወተት ሽታ ስለከለከላቸው፣ አንድ ሜትር ርቀው ቆመው ፎቶ ተነሡ። እሳቸው ሲሄዱ አንድ ፖሊስ መጣ። ጣቱን መሬት ላይ በፈሰሰው ወተት ነክሮ ቀመሰና "ከረር ብሏል" ብሎ ሄደ። ምርመራው በዚሁ ተዘጋ።

ክቡር ሙጋምቢ ግን ገና መክፈታቸው ነበር። በነጋታው በሌላ ቀበሌ ሲናገሩ፣ ባባ ኬንዲ ቦምብ ላይ የተኛ ጀግና ሆነ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ነው መቼስ። በአምስት ኪሎ ሜትር አንድ አሸባሪ ነበረ፤ በአሥር ኪሎ ሜትር ሦስት ሆኑ፤ በወረዳችን ዳር ካለው ተራራ ሥር ሲደርስ በመነጽር የሚያዩ፣ ካርታ የያዙ ሰባት ሰዎች ሆነው ነበር። መፈተሻውም እንደ ሕፃን ጮኸ ተባለ። ስለ ቧንቧ የመጣው ሃያ ሰው፣ ስለ አሸባሪ አራት ሺህ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቧንቧ የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ የለም። "ሙጋምቢን የመረጠ፣ ተኝቶ ያድራል" የሚል ኮፍያ ታዘዘ፤ የሰፋሁትም እኔው ነኝ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ጥልፉም አምሮልኝ ነበር።

ለባባ ኬንዲም አዲስ ሰማያዊ ዩኒፎርም ታዘዘለት፣ ትከሻው ላይ ወርቃማ ገመድ ያለበት። ስለካው እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ክቡር ሙጋምቢ ካሸነፉ የገበያዎቹ ጥበቃ ሁሉ ኃላፊ አደርግሃለሁ ብለውኛል" አለኝ። "ወንበር ያለው ሥራ ነው ፉንዲ። አሥራ አምስት ዓመት ቆሜ ጉልበቴ አልቋል።"

"ጥሩ ነው። ወተት እንደሆነ ነገርካቸው?"

"አልጠየቁኝም።"

"መድረክ ላይ ስትወጣ ምን ትላለህ?"

"'እግዚአብሔር ይመስገን' ነው የምለው። እሱ ውሸት ነው?"

"ውሸት አይደለም። ግን አንተ ከጎናቸው ቆመህ እሳቸው ሲዋሹ፣ ውሸቱ ምስክር አገኘ ማለት ነው። ተናገራ!"

ቀና ብሎ አየኝ። "ቦምብ ብሎ የጮኸው ማን ነው ፉንዲ?"

"እኔማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ማን ይሰማኛል?"

"ቦምብ ስትል ግን ሰምተውሃል" አለ።

መርፌዬን አፌ ውስጥ ከተትኩ። መርፌ የያዘ አፍ ብዙ አይጠየቅም።

ማማ ኡባህ በተከታዩ ሰኞ የልጅ ልጇን ብሥራት ይዛ፣ ፊቷ እየበራ ተመለሰች። ቴምር ልታድለን ገዝታ ነበር። በረንዳው ግን ሌላ በረንዳ ሆኗል። ሁልጊዜ የሚገዟት ሴቶች ፈንጠር ብለው ቆመው "እስቲ ክፈችው" ይሏታል። አንዱ ጎረምሳ እንጨት ይዞ መጥቶ ወተቷ ውስጥ ከቶ አማሰለ፤ ቦምብ ፍለጋ መሆኑ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ክቡር ሙጋምቢም ማታውን ቃላቸውን ሰጡ፤ ከተመረጡ በመጀመሪያው ሳምንት የወተት ሴቶቹን ከድልድዩ ማዶ ያወጧቸዋል። ከድልድዩ ማዶ የቆሻሻ መጣያውና አንድ የደረቀ ወንዝ እንጂ ወተት የሚገዛ ሰው የለም። አምስት ሴቶች፣ አምስት ቤት ልጅ፣ በዚያች በረንዳ ጥላ ነው የሚኖሩት።

ባባ ኬንዲ በዚያው ጠዋት እንደ ልማዱ ኩባያውን ይዞ ወደ ሦስተኛው ምሰሶ ሄደ። አዲሱን ዩኒፎርም ለብሷል።

"አላሁ አክበር፣ ጀግናው መጣ" አለች ማማ ኡባህ። "ልነሣልህ ወይስ እዚሁ ተቀምጬ ልማረክ?"

"ተይ እንጂ ማማ ኡባህ። ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ ነው። እጁ እንደ አንተ ረጅም ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል።" ኩባያውን አየችው፣ አልተቀበለችውም። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጀሪካን ላላ አድርጌ ነበር የሄድኩት። ማን ነው ያጠበቀው?"

ባባ ኬንዲ ያልተቀበለችውን ኩባያ ወደ ራሱ መለሰው።

"እኔ ለሰው አልናገርም" አለች። "ለራስህ እንዲገባህ ብዬ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ነገር ቀረ። ኩባያው ቀረ፤ ቁጥር አሥራ ሰባትም ቀረ። ማማ ኡባህ የተረፋትን ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤቷ መውሰድ ጀመረች፤ ዳገቱ ደግሞ ለእሷ ዕድሜ የሚሆን አይደለም። በበሩ ስታልፍም እጇን አትዘረጋም፣ ወደ ሱፐርማርኬቱም አትገባም፤ ስኳሯን ከሩቅ ኪዮስክ ትገዛለች። ባባ ኬንዲ መደርደሪያውን እየጠረገ ያቺን ቆርቆሮ አንሥቶ ሲያገላብጣት፣ መልሶ ሲሰቅላት አያለሁ። ጨጓራውም ተነሣበት። ዶክተሩ መድኃኒቱን ጨመረለት፤ ምንም አልሆነለትም። ዶክተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸነፍ አየሁት፣ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

በቅስቀሳው መኪናም ደስታ አላገኘም። "መድረክ ላይ 'እርስዎ አባታችን' ይሉኛል፤ መኪና ውስጥ 'አንተ፣ መስኮቱን ዝጋ' ይሉኛል" አለኝ አንድ ቀን። "ዘጋህ?" አልኩት። "ክፍት ነበራ" አለ።

ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጨረሻው ቅስቀሳ በእኛው አውቶቡስ መናኸሪያ ሆነ። ሙሪንጋቶ ሙሉ ወጥቷል። እኔ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ ከፊት ቆምኩ። ማማ ኡባህም ሌሎቹን አራት ሴቶች አስከትላ መጣች፤ ጀሪካኖቻቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ከዳር ቆሙ። ለምን እንደመጡ አላወቅኩም። ሰው የሚባረርበትን ቀን ከአባራሪው አፍ መስማት ይፈልግ ይሆናል።

ክቡር ሙጋምቢ ያን ዕለት ጉሮሯቸው ተከፍቶ ነበር። ስለ ሰባቱ ሰዎች ተናገሩ፣ ስለ ካርታው ተናገሩ። የእህቴ ባል የሞተበትን አውቶቡስም ጠሩ፤ እህቴ አጠገቤ ነበረች፣ እጄን ስትጨብጠኝ ተሰማኝ። ያን ጊዜ ተናደድኩ። የእኛን ሬሳ ለራሳቸው ወንበር እግር ሲያደርጉት ተናደድኩ። ኮፍያቸውን በመስፋቴም ተናደድኩ።

ከዚያ ባባ ኬንዲን ከኋላ ወደ ፊት ሳቡት።

"ይህ መፈተሻ!" አሉ፣ እጁን ከነመፈተሻው ወደ ላይ አንሥተው። "ይህ መፈተሻ ባይጮህ ኖሮ ዛሬ ስንቶቻችን እንቆም ነበር? እኔ ግን የምደብቀው የለኝም። አባታችን፣ በሕዝቡ ፊት ይፈትሹኝ!"

እጃቸውን ዘረጉ። ባባ ኬንዲ ደነገጠ፤ ግን ሰው እጁን ሲዘረጋለት እጁ ራሱ ይሄዳል። መፈተሻውን ከብብታቸው እስከ ጉልበታቸው አወረደ። ክቡር ሙጋምቢ ወገባቸው ላይ የሰሐን ያህል የነሐስ ዘለበት አላቸው። በአንድ ኪሳቸው ሁለት ስልክ፣ በሌላው ሰው የሚገድል የቁልፍ እስር፣ አንገታቸው ላይ የወርቅ ሰንሰለት። መፈተሻው ጭጭ።

"አያችሁ!" አሉ ክቡር ሙጋምቢ። "ንጹሕ ነኝ!"

መጀመሪያ የሳቀው ያ አናጢ ነው። ከዚያ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሳሉ፤ ሳል አልነበረም። ከዚያ እኔ። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ፣ እስከ አውቶቡሶቹ ጣሪያ ድረስ ሄደ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ መፈተሻ ሥር ያላለፈ ሰው መናኸሪያው ውስጥ አልነበረም። ከሌላ ቀበሌ የመጡት የክቡር ሙጋምቢ ሰዎች ብቻ ግራ ተጋብተው ዙሪያቸውን ያዩ ነበር። ክቡር ሙጋምቢ ሳቁን ፍቅር መስሏቸው አብረው ሳቁ፤ ያ ደግሞ የባሰ አሳቀን።

ባባ ኬንዲ አልሳቀም። ማይኩን ከእጃቸው ወሰደ። ነጠቀ አልልም፤ ክፍት ሆኖ የቆየን ነገር ሊዘጋ እንደሚያነሣ አድርጎ ወሰደ።

"ክቡር ይቅርታ" አለ። "ይህ ነገር አይጮህም። ባትሪ ድንጋይ ከሌለው ሁለት ዓመቱ ነው።"

ሳቁ ጋብ አለ።

"የፈነዳው ወተት ነው። የማማ ኡባህ ወተት። እሷ በደንብ አድርጋ አላልታው ነበር የሄደችው፤ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ፉንዲ አይቶኛል።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልብስ ሰፊ ለምስክርነት የሚጠራው ስንት ጊዜ ነው? ግን ያን ቀን መርፌ አፌ ውስጥ አልነበረም። "እውነት ነው፣ አይቻለሁ" አልኩ። "ቦምብ ብዬ የጮህኩትም እኔ ነኝ። ወተት ነበር።"

"እኔ ይህን ልብስ ወደድኩት" አለ ባባ ኬንዲ፣ የትከሻውን ወርቃማ ገመድ እየነካ። "ወንበር ያለው ሥራም ወደድኩ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። እነዚያን ሴቶች ከድልድዩ ማዶ የምታወጧቸው በእኔ ጥፋት ነው። መውጣት ካለብኝ እኔን አውጡኝ።"

ማይኩን ለክቡር ሙጋምቢ መለሰላቸው። የኮታቸው መሐል ቁልፍ ወልቆ ነበር፤ እሱንም ቆለፈላቸውና ከመድረኩ ወረደ።

እዚህ ላይ ክቡር ሙጋምቢ ተሸነፉ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። አሸነፉ። ሙሪንጋቶ ላይ በሰፊው ተሸነፉ፤ ተራራው ሥር ግን ሰባቱ አሸባሪዎች አሁንም በሕይወት ነበሩና እዚያ አሸነፉ። የወተት ሴቶቹን በመጀመሪያው ሳምንት ከድልድዩ ማዶ አወጣለሁ ያሉትን ነገር በመጀመሪያው ሳምንትም፣ በመጀመሪያው ዓመትም አልፈጸሙም። ናይሮቢ ገብተው ቀሩ። ፖለቲከኛ ቃሉን ሲያጥፍ ያመሰገንኩት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወንበር ያለው ሥራም፣ ምን ይጠየቃል፣ ከወንበሩ ጋር ቀረ። ዩኒፎርሙን ቢመልስላቸው አልተቀበሉትም፤ ወርቃማውን ገመድ ፈትቼ ለአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ሰፋሁበት።

በምርጫው ማግስት፣ ማክሰኞ ጠዋት ግን ሌላ ጉድ መጣ። የሱፐርማርኬቱ ባለቤት በሕዝብ ፊት ስለተዋረዱ በሁለት ዓመታቸው ባትሪ ድንጋይ ገዝተው መጡ። ባባ ኬንዲ አሮጌ ዩኒፎርሙን ለብሶ መፈተሻውን ከፈተ። ጠዋቱን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ቀበቶ ላይ ይጮሃል፣ ሳንቲም ላይ ይጮሃል፣ የጡት መያዣ ላይ ይጮሃል። በፓስተሩ ወርቅ ጥርስ ላይ ጮኸ። ሰው ፊቱን አኮሳትሮ ኪሱን ይገለብጣል፣ ባባ ኬንዲም "እናትህ ተሻላት?" ለማለት ጊዜ አላገኘም። ቢጠይቅም አይሰማም።

እኩለ ቀን ሲሆን ወደ እኔ መጥቶ፣ "መፍቻ አለህ?" አለኝ። ሰጠሁት። መፈተሻውን ፈታና ባትሪ ድንጋዩን አውጥቶ በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። እስከ ዛሬ እዚያው ከክር ጥቅሎቹ መሐል አለ።

ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ማማ ኡባህ ከምሰሶዋ ተነሥታ በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ጀሪካን ይዛ ወደ በሩ መጣች። ባባ ኬንዲ ቆሟል። እሷም ቆመች። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠችና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሁለት እጇን ዘረጋች። አምባሮቿ ተንሸራተው እስከ ክርኗ ወረዱ። ባባ ኬንዲ መፈተሻውን ከብብቷ እስከ ጉልበቷ አወረደ፤ መፈተሻው ዝም አለ።

"ሕፃኑ ጡት ያዘ?" አላት።

"ያዘ። አልለቅም ብሏል" አለች። ጀሪካኑን አንሥታ ሰጠችው። "ክዳኑን እንዳትነካ።"

ባባ ኬንዲ በፌስታሉ አፍ በኩል ክዳኑን አየው። ላላ ብሏል። እጁ ወደ ክዳኑ ሄዶ ሲመለስ አይቻለሁ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ጓደኛዬ እንዲህ ሲቸገር አላየሁም። ጀሪካኑን በሁለት እጁ ከሥሩ ደግፎ፣ ክዳኑን ሳይነካ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠውና ቁጥር አሥራ ሰባትን ከሚስማሩ አውርዶ ሰጣት።